የአስር ልጅ ብልቃጥ

ኮሌታ ዓርብ ጠዋት ጤና ጣቢያው መስኮት ስር ስትደርስ ከእሷ የቀደመ ሰው አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን ረቡዕም አንደኛ ነበረች፤ አንደኝነት ምን እንደሚፈይድ ያን ቀን አይታዋለች። የልጇን የክትባት ካርድ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረች፣ ያዘለቻትን ልጅ ሽቅብ አንጠር አድርጋ አስተካከለችና ሲስተሯ የምትገባበትን በር እያየች ቆመች።

እናቷ ያወጣችላት ስም ኮሌታ አይደለም። ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ግን ሰው የሚጠራው በሚሰፋው ነው። እጅጌ ሰፊዋ እጅጌ ትባላለች፣ ኪስ ለጣፊዋ ኪስ። ቁልፍ የሚተክለው ሰውዬ ቁልፍ ነው፤ ሚስቱ ሳትቀር ቤታቸው ውስጥ ቁልፍ ነው የምትለው አሉ። እሷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰፋችው የሸሚዝ ኮሌታ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ያልተንጋደደ፣ ማንም አይቶ የማያመሰግነው ግን ሲጣመም አገር የሚያየው ነገር።

አሁን ግን ኮሌታ ከሰፋች ሁለት ወር ከግማሽ አልፏታል፤ ምክንያቱ ደግሞ የእሷ ጥፋት አይደለም። ስፌት ቤቱ በጓሮ በኩል እናቶች ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ክፍል አለው። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ያልተከተበ ልጅ ኩፍኝ ይዞ ገባ። የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። በአስር ቀን ውስጥ ስድስት ልጅ ተኛ። ልጅ ሲተኛ እናት አብራ ትተኛለች፤ ኪስ የሌለው ሸሚዝ አይሸጥ፣ እጅጌ የሌለውን ማን ይለብሰዋል? አስራ አንድ የስፌት መኪና ሦስት ሳምንት ጸጥ አለ። የተማሪ ልብስ ያዘዘው ትምህርት ቤት ጨርቁን ጠቅልሎ ሌላ ቦታ ወሰደ። ልጅ የሚባል ነገር ቤቱ የሌለው ጨርቅ ቆራጩ እንኳን ያለ ደሞዝ እጁን አጣጥፎ ከረመ።

ከዚያ በኋላ አለቃው አዲስ ደንብ አወጡ። ካርዱ ላይ የኩፍኙ መርፌ ያልተጻፈለት ልጅ ክፍሏን አይረግጥም፤ አለቀ። የኩፍኝ መርፌ የሚሰጠው ደግሞ በዘጠኝ ወር ነው። የኮሌታ ልጅ ያኔ ገና ስድስት ወር ተኩሏ ነበር። ባሏ የረጅም መንገድ መኪና ረዳት ነው፤ ወር ሄዶ ሁለት ቀን ያድራል። ልጅ የሚይዝላት ዘመድ የለም። ስለዚህ ቤት ዋለች። አለቃው ዘጠኝ ዓመቷን አስበው የስፌት መኪናዋን ባዶ አቆዩላት፤ ባለፈው ሳምንት ግን ቁርጡን ላኩባት። ትምህርት ቤቱ ተለምኖ ተመልሷል፣ ሥራው ይቸኩላል፣ እስከ ሰኞ ካልመጣች ከተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ሌላ ሰው ይጠራል።

ልጅቷ ባለፈው ማክሰኞ ዘጠኝ ወር ሞላት። ጤና ጣቢያው ክትባት የሚሰጠው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው፤ ረቡዕ ኮሌታ እዚህ መጣች፣ ሳታስከትብ ተመለሰች። ሐሙስ ሁለት ታክሲ ይዛ ትልቁ ሆስፒታል ሄደች፤ "ክትባት በየሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ነው" ተባለችና በሁለት ታክሲ ተመለሰች። ዓርብ ይሄው ቆማለች። ከኋላዋ ሽንኩርት ነጋዴዋ ልጇን ይዛ መጣች፣ ቀጥሎ ሚስቱ የታመመችበት ወጣት ግንበኛ ሕፃኑን እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ማንም የለም።

ሲስተሯ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ጋዋኗን ለበሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ካርዶቹን ቆጠረች።

"ሦስት ናችሁ።"

"ረቡዕም ሦስት ነበርን" አለች ኮሌታ።

"አውቃለሁ እህቴ። ምን ላድርግ፣ ብልቃጡ የአስር ልጅ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ውሎ አያድርም፤ የተረፈው ይደፋል። ለእናንተ ለሦስታችሁ ከፍቼ የሰባት ልጅ መድኃኒት ብደፋ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አስር ሆነው ለሚመጡት ከየት አመጣለሁ? እስከ ወሩ መጨረሻ ያለኝ ሁለት ብልቃጥ ነው።"

"ለሰኞ ካላስከተብኳት እንጀራዬ ይዘጋል።"

"ይገባኛል። ግን አምስት ሳትሞሉ አልከፍትም፤ ትእዛዝ ነው።"

ኮሌታን ያንገበገባት ሲስተሯ እውነቷን መሆኑ ነው። ባለጌ ብትሆን ሰድባት ይወጣላት ነበር። ስታመናጭቅ አታውቅም፣ ጉቦ አትጠይቅም፣ ሰዓቷን ታከብራለች፤ ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ላይ ምን ተብሎ ይጮሃል? ንዴቷን ዋጠችው።

"አምስት ባደርግልሽስ?"

"እስከ ስድስት ሰዓት አምስት ካደረግሽልኝ ያን ጊዜውኑ እከፍተዋለሁ።"

የጎደለው ሁለት ልጅ ነው። ሌላ ሰው ሁለት ልጅ ፈልጎ ይመለስ ነበር። ኮሌታ ግን የስፌት ቤት ሰው ናት። ስፌት ቤት ውስጥ ለመቶ ሸሚዝ መቶ ኮሌታ የሚቆርጥ ሞኝ ይባላል። አንዱ ሲገለበጥ ይቀደዳል፣ አንዱን ካውያ ይበላዋል፣ አንዱ ያለ ምክንያት ይጠፋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ተርፎ ይቆረጣል። ሰው ደግሞ ከጨርቅ ይብሳል። እመጣለሁ ካለው ሰው ግማሹ እንደሚቀር፣ ከቀሪው ግማሹ ነገ እንደሚመጣ ታውቃለች። ሁለት ለማግኘት ስምንት መጥራት አለብኝ ብላ አሰላች። ልጇን ያዘለችበትን ነጠላ አጠበቀችና ካርድ እየተቀበሉ ተራ የሚጠሩትን ዘበኛ፣

"አባባ፣ ካርዴን አደራ" አለቻቸው።

"ማን ይበላዋል ብለሽ ነው ልጄ፣ ሂጂ።"

መጀመሪያ የሄደችው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ነው። ደንበኛ ስላልነበረው ራሱ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ የገዛ ጢሙን በመስታወት ይመረምራል።

"ወንድሜ፣ ያንተ ትንሿ የኩፍኙን ተከትባለች?"

"ኧረ ተያት፣ ጤነኛ ናት።"

"ጤነኛ ስለሆነች እኮ ነው የምትከተበው።"

"ስሚ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲያስከትብ ይውል የለ? የሌላው ልጅ ከተከተበ በሽታው በየት ዞሮ ነው ወደ እኔ ቤት የሚመጣው? ልጄን በነጻ መርፌ የማስወጋት ምን ዕዳ አለብኝ?" ብልጠቱ ለራሱ ጣመውና መስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለ።

ኮሌታ የዋጠችው ንዴት መውጫ አገኘ።

"ባለፈው ኩፍኙ ሲገባ ስንት ሰው አስተካከልክ?"

"ሰው የት ነበር፣ ዝንብ ሳባርር ነው የከረምኩት።"

"ዝንብ ያስባረረህ ምንድነው? ስፌት ቤቱ ተዘጋ፣ ደሞዝ ቀረ። ደሞዝ ያላገኘች እናት ልጇን ፀጉር ተስተካከል ብላ ትልካለች? ሽንኩርት ነጋዴዋ ሽንኩርቷ በቀለባት። ምሳ ቤቱ ሁለት አስተናጋጅ አሰናበተ። አንተም ወንበርህ ላይ ተንጋለህ ከረምክ፤ አሁን እንደተንጋለልከው። ያ ሁሉ ከአንድ ልጅ ነው የመጣው። የልጁ አባት ደግሞ ያሰበው ልክ አንተ ያሰብከውን ነው፤ ሌላው ካስከተበ ይበቃል ብሎ። ሁሉም ሌላው ይበቃል ካለ፣ ሌላው ማነው?"

ሰውየው ከወንበሩ ቀና አለ። ስለ በሽታው አልነበረም ያሰበው፤ ያንን የሦስት ሳምንት ባዶ ወንበር ነበር።

"እሱስ..." አለ።

"ደግሞ የቀረው ጥቂት ነው፤ ዛሬ ካለፈህ የለም።" ይህችኛዋን ከየትም አልሰማቻትም፤ እዚያው አፏ ላይ ነው የመጣችላት። ሰውየው ግን ሱቁን እንኳን በደንብ ሳይዘጋ ወደ ቤቱ ሄደ። አይ ሰው፣ ሞልቷል ሲሉት ይተኛል፣ ሊያልቅ ነው ሲሉት ይሮጣል።

ነገሩ እንደሚሠራ ካየች በኋላ አላቆመችም። የመንትዮቹ አያት ጋ ሄደች፤ አሮጊቷ ለሁለቱ ሕፃናት የኩፍኝ ቀጠሮ አልፏቸው ኖሮ "ምነው እስካሁን ሳትነግሪን" ብለው ጭራሽ ተቆጧት። የምሳ ቤቱ ምግብ አብሳይ ጋ ሄደች። ጫማ ጠጋኙን መንገድ ላይ አገኘችው። በር እያንኳኳች ያንኑ ነገር ደጋገመች፤ ባዶ ወንበር፣ የበቀለ ሽንኩርት፣ የተዘጋ ስፌት ቤት፣ ጥቂት ነው የቀረው። በአምስተኛው በር ላይ ድምጿ ሻከረ። ልጇ ጀርባዋ ላይ አንቀላፋች። ለገዛ ሥራዋ ሰውን ሁሉ ስትለማመጥ መዋሏ አናደዳት፤ ልጃቸውን ለማዳን እሷ ታባብላቸው? እንዲህ እያለች፣ እየተነጫነጨች፣ ደግሞ የሚቀጥለውን በር አንኳኳች።

የመጨረሻዋ ልብስ አጣቢዋ ነበረች። ቤቷ ሰፈሩ ጫፍ ላይ፣ ከቧንቧው በላይ ነው። አራት ትልልቅ ሳፋ ደርድራ ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ገብቷል። ዓመት ከሁለት ወር የሆነው ልጇ የሳፋዎቹን ጠርዝ እየያዘ ይንገዳገዳል።

"አሁን አልችልም፤ ነክሬያለሁ" አለች ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ።

"ሳሙና ውስጥ አንድ ሰዓት ቢቆይ እድፉ ይለቅለታል እንጂ አይከፋውም።"

"ባለቤቶቹ ለማታ ይፈልጉታል።"

"የኔ እህት፣ ስፌት ቤቱ ዝርዝር ላይ ስምሽ ከገባ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ስድስት ወር አለፈኝ። መስፋት እችላለሁ፣ ፈትነውኛል። አልጠሩኝም።"

"ካርድሽ ላይ የኩፍኙ ስላልተጻፈ እኮ ነው የማይጠሩሽ። ያንቺ ልጅ ሳይከተብ ማን ያስገባሻል? አስከትቢውና ተመልከቺ።"

ኮሌታ የተናገረችው እውነት ነው። ከዝርዝሩ ሰው የሚጠራው ባዶ መኪና ሲገኝ ብቻ መሆኑንም ታውቃለች። በዚያች ሰዓት ግን ነገሩ ዞሮ ወደ ራሷ ይመጣል ብላ አላሰበችም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል፣ እሷ የምታየው ሰዓቱን ነው።

አጣቢዋ እጇን አደራረቀችና ካርዱን ፍለጋ ገባች። ፍራሽ ስር የለም። ቁም ሳጥን ውስጥ የለም። የልጁ የትንሽነት ልብሶች መሃል ፈለገች፣ የለም። ኮሌታ አንዷን ልጅ በጀርባ፣ አንዱን በክንድ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ተቁነጠነጠች። አጣቢዋ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ እያወጣች ታነባለች፤ የውሃ ደረሰኝ፣ የድሮ የኪራይ ውል፣ የማታውቀው ሰው ፎቶግራፍ። በመጨረሻ ካርዱ ተገኘ። አራት ተጣጥፎ፣ የሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ስር ተጎዝጉዟል። አጣቢዋ ስትስበው ጠረጴዛው ዘመመና ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

"ተዪው፣ ስንመለስ ትጠርጊዋለሽ" አለች ኮሌታ፣ ቀድማት እየሮጠች።

ጤና ጣቢያው ግቢ ሲደርሱ ሰው ሞልቷል። የጠራችው ሁሉ መጥቷል። አንድም አልቀረ፤ አንድም ነገ አላለ፤ ያልጠራችውም ከፀጉር አስተካካዩ ሰምቶ መጥቷል። የመንትዮቹ አያት አንዱን አዝለው አንዱን ታቅፈዋል። ፀጉር አስተካካዩ ማስተካከያ ጨርቁን ትከሻው ላይ እንደጣለ የምታለቅሰውን ልጁን ያባብላል። ጫማ ጠጋኙ እህቱን ከነልጇ አስከትሎ መጥቷል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ኮሌታ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች፤ ሠራሁት አለች በሆዷ።

"ግቢ፣ ግቢ፣ ካርድሽን ስጫቸው፤ የእኔ ቀድሞ ገብቷል" ብላ አጣቢዋን በጀርባዋ ገፋ አድርጋ አስቀደመቻት። ዘበኛው ካርዱን ተቀበሉና ወደ ውስጥ አቀበሉ። አጣቢዋ ወዲያው ተጠርታ ገባች። ኮሌታ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ፣ የሕፃኗን እጅጌ ጠቅልላ፣ በር ላይ ቆመች። ውስጥ ልጁ ሲያለቅስ ተሰማ። ቀጥሎ አጣቢዋ እያባበለች ወጣች። ከኋላዋ ሲስተሯ ባዶዋን ብልቃጥ በጣቷ ይዛ ብቅ አለች።

"ማን ቀረ?"

"እኔ" አለች ኮሌታ።

ሲስተሯ ብልቃጧን አየች፣ ኮሌታን አየች፣ ዘበኛውን አየች።

"አንቺማ አንደኛ አልነበርሽ?"

"ጠራሁሽ እኮ ልጄ" አሉ ዘበኛው። ድምፃቸው ተሰበረ። "አምስት እንደሞሉ ተከፈተ። መጀመሪያ የጠራሁት የአንቺን ነው፣ ሦስት ጊዜ ጠራሁ። የሌለ ሰው ካርድ ለብቻው ይቀመጣል፤ የሚጠራውም ያለው ሰው ካለቀ በኋላ ነው። የአንድ ልጅ መድኃኒት ተርፎ ነበር፣ እሱ የአንቺ ነው ብዬ... ከዚያ ሌላ ካርድ መጣ።"

ከዚያ ሌላ ካርድ መጣ። ያመጣችው ደግሞ ማን ሆነችና። ኮሌታ ልጇን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እሷ ለራሷ ጨርሳ ሳትቆርስ ገበታውን ለሰው አዞረችው።

"ሁለተኛውን ክፈቺልኝ" አለች።

"ለአንድ ልጅ?"

"ለአንድ ልጅ! አስር የሞላሁልሽ እኔ አይደለሁም?"

ሲስተሯ ባዶዋን ብልቃጥ አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ማዘኗ ይታይ ነበር፤ ማዘኗ ደግሞ ብልቃጥ አይከፍትም።

"አራት ልጅ ጨምሪና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቅሻለሁ፤ ምሳም አልወጣም። አይዞሽ ደግሞ፣ ለልጅሽ አትስጊ። አሁን ዙሪያዋን ያለው ልጅ ሁሉ ተከትቧል። በሽታው ወደ እሷ የሚመጣበት መንገድ ጠብቧል። በዚህ ሰፈር ዛሬ እንደ እሷ የተጠበቀ ልጅ የለም።"

"እንግዲያው ይህንን ካርዷ ላይ ጻፊልኝ።"

"እሱ አይጻፍም።"

ኮሌታ እንደገና ወጣች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጠዋት ያንኳኳቻቸውን በሮች አልፋ ያላንኳኳቻቸውን አንኳኳች። ሁሉም በደስታ ከፈተላት። "አስከተብን እኮ፣ ፀጉር አስተካካዩ ነግሮን" አሏት። "ባለፈው ዓመት አስከትበናል፣ ይሄው ካርዱ" አሏት። "ፈጣሪ ብድርሽን ይክፈልሽ፣ ባንቺ ሰበብ ነው የወሰድነው" ብለው መረቋት። ምርቃቱ ከስድብ በላይ አናደዳት። አንድ ሕፃን አገኘች፣ ገና ሰባት ወሩ ነው። ሌላ አገኘች፣ ትኩሳት ይዞታል። ከገበያው ማዶ ተሻግራ የማታውቃቸውን ሰዎች ሁለት በር ሞከረች፤ የአንደኛው ውሻ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኛት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽንኩርት ነጋዴዋ ፊት ለፊት ቆማ ነበር።

"ያልተከተበ ልጅ ታውቂያለሽ?" አለቻት።

"አንቺው ጨረስሽው እኮ" አለች ነጋዴዋ፣ ምስጋና መስሏት። "ያልተከተበ ያንቺ ብቻ ናት።"

ኮሌታ እዚያው፣ የሰው መንገድ መሃል አለቀሰች። አፍራም አይደለም፣ ተስፋ ቆርጣም አይደለም፤ የምትመታው ሰው አጥታ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስፌት ቤቱ በር ላይ አለቃው ካርድ እያዩ ያስገባሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው አንድ በአንድ ገቡ። እጅጌ ስታልፍ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ኮሌታ ሁሉም እስኪያልፉ ቆየችና ቀረበች።

"ጋሼ፣ ረቡዕ አስከትባታለሁ። ሁለት ቀን ነው፣ ሁለት ቀን ይታገሡኝ። ልጅቷን ክፍሉ አላስገባትም፣ አዝዬ እሰፋለሁ።"

"ረቡዕ አምስት ልጅ ይገኛል?"

 ወሬው ቀድሟት ደርሷል ማለት ነው።

"ሰፈሩን ሁሉ እንዳስከተብሽ ሰምቻለሁ" አሉ አለቃው። "ከሁላችንም የሚበልጥ ሥራ ነው የሠራሽው። ይህ ክፍል ዘንድሮ በኩፍኝ ካልተዘጋ ያንቺ ውለታ ነው። ግን ልጄ፣ አንቺን ያለ ካርድ ባስገባ ነገ ሌላዋ ሠራተኛ፣ ኮሌታን ያለ ካርድ አስገብተዋል ትለኛለች። ያኔ ምን እላታለሁ? ባለፈው የወደቅነው እንዲህ ባለው እሺታ ነው።"

ልክ ናቸው። እንደ ሲስተሯ ልክ ናቸው። ሰሞኑን የሚገጥማት ሁሉ ልክ ነው፤ ልክ ባልሆነ ሰው አንድ ቀን እንኳን አልተገላገለችም። ልትመለስ ስትዞር አጣቢዋ ልጇን ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። ንጹሕ ልብስ ለብሳለች። በእጇ ያለው ካርድ አራት ቦታ የታጠፈበት ምልክት አለው፣ ከታች ደግሞ የዓርብ ቀን በሲስተሯ እጅ ተጽፎበታል። ኮሌታን ስታይ ደፉን ሳትረግጥ ቆመች።

"ትላንት ነው፣ ለማንኛውም ነገ ጠዋት ካርድሽን ይዘሽ ነይ ብለው መልእክት የላኩብኝ" አለች። "የማን መኪና እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ልመለስ?"

ኮሌታ አዎ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ተመለሺ፣ ጠረጴዛሽ ስር ይቅር ካርድሽ፣ እኔ ባልጠራሽ የት ትገኚ ነበር ልትላት ነበር። የአጣቢዋን እጅ አየች። ሳሙና የበላው፣ ጫፍ ጫፉ የተሰነጣጠቀ እጅ ነው።

"ተመልሰሽ ለእኔ ምን ልታመጪልኝ" አለች። "እኔን እንደሆነ አያስገቡኝም። ግቢ።"

አጣቢዋ አልገባችም። ጡቷ ስር ካለው መሐረብ የቤቷን ቁልፍ ፈታ አወጣች።

"የነከርኩት አለ፤ ዛሬ የሚመጡ ደንበኞችም አሉ። ሰው ካላገኙ ሌላ ጋ ይሄዱብኛል። ልጅሽን አስከትበሽ ወደ ስፌት እስክትመለሺ ያዢያቸው። የምታገኚው ያንቺ ነው።"

ኮሌታ ቁልፉን ስትቀበል አመሰግናለሁ አላለችም፤ አልወጣላትም።

ረፋዱ ላይ ሳፋው ፊት ተንበርክካ ነበር። ልጇ ጀርባዋ ላይ ናት። የሰው አንሶላ ስታሽ እጇ ኮሌታ እንደሚገለብጥ እጅ ቀልጠፍ አላለላትም፤ ሳሙናው ያንሸራትታታል፣ ወገቧ ይነዘንዛታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ብቻዋን ትነጫነጫለች። ከገበያው ማዶ ያሉ ሰዎች ልብሳቸውን የሚያመጡት እዚህ ነው፤ ክትባታቸውም እዚያው ጤና ጣቢያ ነው። አንዲት ሴት ትልቅ የልብስ እስር ይዛ መጥታ ሳፋው አጠገብ ዱብ አደረገችው።

ኮሌታ እስሩን አልነካችውም።

"ዘጠኝ ወር የሞላው፣ የኩፍኝ ያልተከተበ ልጅ አለሽ?"

ሴትየዋ ግራ ገባት። "ልብስ ነው ያመጣሁት።"

"ልብሱን አየሁት። ልጅ አለሽ ወይ ነው የምልሽ።"

"አለኝ፣ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ተከተበ አልተከተበ ላንቺ ምንሽ ነው?"

"እንጀራዬ ነዋ" አለች ኮሌታ። አረፋውን ከክንዷ ላይ ጠረገችና እስሩን ወደ ራሷ ጎተተችው። "ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ጤና ጣቢያው መስኮት ስር ይዘሽው ነይ። ከመጣሽ ይህንን ሁሉ በነጻ አጥብልሻለሁ።"

ሴትየዋ እስሩን አየች፣ ኮሌታን አየች፤ ታሾፍ እንደሆነ ፊቷ ላይ ፈለገች።

"ጎረቤቴም አንድ አላት" አለች በመጨረሻ። "የእሷንም ልብስ ታጥቢያለሽ?"

"ዛሬውኑ ታምጣው" አለች ኮሌታ። አምስት ለመሙላት ከዚያ በኋላ ሁለት ልጅ ነው የሚቀራት።